ለቤተሰብ የሚሆን ተጎታች ቤት እንዴት ይመረጥ? ከአልጋው በፊት ክብደቱ

ለቤተሰብ ካምፒንግ ተጎታች ቤት ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በውስጡ ላይ ነው፤ የሶፋው ቀለም፣ የወጥ ቤቱ ስፋት፣ የልጆቹ ተደራራቢ አልጋ፣ ቁልፍ ሲጫኑት ወደ ውጭ ተገፍቶ ሳሎኑን የሚያሰፋው ግድግዳ። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ በሩን ከፍተው፣ መብራቱን ሁሉ አብርተው ነው የሚጠብቁት። እኔ ግን ይህን ግምገማ ከሌላኛው ጫፍ ልጀምረው እወዳለሁ። በገበያው ላይ ያሉትን ዋና ዋና ዓይነቶች ለሁለት ወላጆችና ለሦስት ልጆች ይበቃሉ ወይ በሚል ሚዛን ሳነጻጽራቸው፣ ምርጫውን በመጨረሻ የሚወስነው ተጎታቹ ሳይሆን የሚጎትተው መኪና ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከመኪናውም ቢሆን ወሳኙ በማስታወቂያ የሚለፈፈው የመጎተት አቅም ሳይሆን ማንም ልብ የማይለው የመሸከም አቅም ነው።

የመጎተት አቅም መኪናው ከኋላው አስሮ ሊስበው የሚችለው ትልቁ ክብደት ነው። የመሸከም አቅም ደግሞ በመኪናው ላይ የሚያርፈው ነገር ሁሉ ተደምሮ ሊያልፈው የማይገባው ልክ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ፣ ሻንጣው፣ በጣሪያው ላይ የታሰሩት ብስክሌቶች፣ ከኋላ የተገጠመው መጎተቻ ብረት፣ በዚያ ላይ ደግሞ ተጎታቹ ራሱ በሚያያዝበት የመጎተቻው የብረት ኳስ ላይ ወደ ታች የሚያሳርፈው ጫና እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪናዎች ላይ ቁጥሩ ከሹፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈ ምልክት ላይ ታትሞ ይገኛል። በማስታወቂያ የሚነገረው የመጎተት አቅም ግን ቤተሰብን አስቦ የተለካ አይደለም። በዚያው ገበያ ብዙ አምራቾች የሚከተሉት ኤስኤኢ ጄ2807 የተባለው የመለኪያ ደንብ በመኪናው ውስጥ እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝኑ አንድ ሹፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ እንደተቀመጡ አድርጎ ያሰላል። የኋላው ወንበር በዚያ ስሌት ባዶ ነው። ሦስት ልጆች፣ ውሻ፣ ድንኳንና የዝናብ ልብስ የጫነ መኪና በዚያ ቁጥር ሊተማመን አይችልም።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይሻላል። የመሸከም አቅሙ 600 ኪሎ ግራም፣ የመጎተት አቅሙ ደግሞ 2,700 ኪሎ ግራም ነው የተባለለት ባለ ሦስት ረድፍ የቤተሰብ መኪና አለ እንበል። ወላጆቹ 150፣ ልጆቹ 110፣ በመኪናው ውስጥ የሚገባው ጓዝ 70፣ ጫናን በአክስሎቹ (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያያይዙት ዘንጎች) ላይ የሚያከፋፍለው የመጎተቻ መሣሪያ 40 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ድምሩ 370 ይሆናል። በኳሱ ላይ ሊያርፍ የሚችለው የቀረው 230 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ተጎታቹ ከሙሉ ክብደቱ ከ12 እስከ 13 በመቶ የሚሆነውን በኳሱ ላይ ካሳረፈ፣ ይህ መኪና ልኩን ሳያልፍ ሊጎትተው የሚችለው ዕቃ ተጭኖበት 1,800 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ተጎታች ነው። ከ2,700 ወደ 1,800 የወረደው ልዩነት ባለ ሁለት አክስል ሰፊ ተጎታችን ከምርጫው አስወጥቶ ባለ አንድ አክስል መካከለኛ ተጎታች ብቻ የሚያስቀር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ወደ መሸጫው ከመሄዱ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርቶ መጨረስ አለበት። እዚያ ከተደረሰ በኋላ አሥር ሜትር የሚረዝመው ባለ ሁለት መኝታ ክፍል ቤት አጠገብ ቆሞ መቀነስ መጀመር ለማንም አይቀልም።

የተጎታቹ የራሱ ቁጥሮችም በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። በማስታወቂያ ጎልቶ የሚጻፈው ባዶ ክብደቱ ነው፤ ይህም ከፋብሪካ ሲወጣ ውኃም ሆነ ዕቃ ሳይጫንበት የተመዘነው ነው፤ ባትሪውና የጋዙ ሲሊንደር እንኳ የማይካተቱበት ጊዜ አለ። በዚያ ክብደት የሚጓዝ ቤተሰብ የለም። ስሌቱ መሠራት ያለበት ተጎታቹ ተጭኖ እንዲደርስበት በተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጭነት አቅሙ ሲሆን፣ ለቤተሰብ ተብለው በተሠሩ አንዳንድ ተጎታቾች ላይ የሚያስገርም ትንሽነት አለው። አምስት ሰው የሚያስተኛ ቤት 350 ኪሎ ግራም ብቻ የሚጭን ከሆነ፣ 150 ሊትር የሚይዘው የንጹሕ ውኃ ታንክ ሲሞላ ብቻ 150 ኪሎ ግራም ይወስድበታል፤ በቀረው 200 ውስጥ ባትሪ፣ ጋዝ፣ የመኝታ ልብስ፣ ድስትና ሳህን፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ለአምስት ሰው የሚሆን ምግብና የልጆች መጫወቻ መግባት አለባቸው። በእኔ ሚዛን ለአምስት ሰው ተብሎ የሚሸጥ ተጎታች ቢያንስ 500 ኪሎ ግራም የመጫን አቅም ከሌለው፣ አልጋው ምንም ያህል ቢበዛ የአምስት ሰው ቤት አይደለም። ግዢው ከተፈጸመ በኋላም መኪናውና ተጎታቹ ለጉዞ እንደተጫኑ ወደ ከባድ መኪና ሚዛን ተወስደው እያንዳንዱ አክስል ቢመዘን ግምቱ በእርግጠኛ ቁጥር ይተካል።

የኳሱ ጫና ሲያንስ የሚመጣው ችግር ከመብዛቱ ያልተናነሰ ነው። ከኋላው የከበደ ተጎታች በፍጥነት ሲጓዝ፣ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፈው ወይም የጎን ነፋስ ሲመታው፣ እንደ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው ከበረታ መኪናውን ይዞት ሊገለበጥ ይችላል። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው ምክር ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው በኳሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። በአውሮፓ ግን መኪናዎቹም መጎተቻዎቹም ለዝቅተኛ ጫና የተሠሩ በመሆናቸው ልኩ ለብዙ መኪናዎች ከ75 እስከ 100 ኪሎ ግራም ነው፤ እዚያ ካራቫን የሚባሉት ተጎታች ቤቶችም ከባድ ዕቃዎቻቸውን በአክስሉ ዙሪያ ሰብስበው የሚሠሩት፣ በብዙ አገሮችም የሚጓዙበት ፍጥነት የተገደበው ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። ለምሳሌ በጀርመን ተጎታች ያሰረ የግል መኪና የፍጥነት ወሰኑ በመደበኛው 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲሆን፣ በአውራ ጎዳና 100 መንዳት የሚቻለው ተጎታቹ ልዩ ፈቃድ ሲኖረው ነው፤ ከመስፈርቶቹም አንዱ የጎማው ዕድሜ ከስድስት ዓመት በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ የአንዱን አህጉር ተጎታች በሌላው አህጉር ደንብ መመዘን ያሳስታል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመንጃ ፈቃዱም የራሱ ገደብ አለው፤ በተለመደው የቢ ደረጃ ፈቃድ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ተጎታች መጎተት የሚቻለው የመኪናውና የተጎታቹ የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ3,500 ኪሎ ግራም ካልበለጠ ነው።

ክብደቱ ከተወሰነ በኋላ የቀረው የገበያው ክፍል በጣም ይጠብባል፤ ምርጫው ይቀላል። እዚህ ላይ ዓይነቶቹን አንድ በአንድ ማየት ይቻላል።

ከሁሉም ቀላሉ ተጣጥፎ ዝቅ የሚልና ሲቆም ጎንና ጎኑ በሸራ የሚዘረጋው ነው። ነፋስ አይይዘውም፣ በትንሽ መኪና ይጎተታል፣ አልጋዎቹም በሁለቱ ጫፍ ወደ ውጭ ስለሚዘረጉ ከዋጋውና ከክብደቱ አንጻር የሚሰጠው የመኝታ ስፋት ከፍተኛ ነው። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው። በዝናብ ከታጠፈ ቤት እንደደረሱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ተዘርግቶ መድረቅ አለበት፤ አለዚያ ሸራው ይሻግታል። በየሌሊቱ ቦታ እየቀየረ ለሚጓዝ ቤተሰብ መዘርጋትና ማጠፉ ያሰለቻል፤ አንድ ቦታ ሳምንት ለሚሰነብት ግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም ብዬ አምናለሁ። ልጆችም፣ ድንኳን ውስጥ ያሉ ያህል ስለሚሰማቸው፣ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ቤት ይልቅ ይህን ይወዳሉ።

ሁለተኛው ዓይነት እንደ ጀልባ ከሁለት የፋይበር ግላስ ቅርፊቶች ተገጣጥሞ የሚሠራው ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1968 በካናዳዋ ዊኒፔግ ሬይ ኦሌኮ የሠራው ቦለር የተባለው ትንሽ ተጎታች ሲሆን፣ ሰውየው ቀደም ሲል ከፋይበር ግላስ ቀለል ያለ የፍሳሽ ታንክ ሠርቶ ስለነበር ሐሳቡን ያገኘው ከዚያ ነው። ዛሬም ስካምፕና ካሲታ የመሳሰሉት አምራቾች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ጣሪያውና ግድግዳው አንድ ወጥ ስለሆኑ ውኃ የሚገባበት ስፌት በጣም ጥቂት ነው፤ ስለዚህም በደንብ ከተያዘ አሥርተ ዓመታት ያገለግላል፣ ሲሸጥም ዋጋው ብዙ አይወርድም። ከጥራት አንጻር የእኔ ድምፅ ለእርሱ ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ሞዴሎች የተሠሩት ለሁለት፣ ግፋ ቢል ለአራት ሰው ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይበቃል፤ ሦስተኛው ልጅ ሲመጣ ወይም የመጀመሪያው ቁመቱ ከአባቱ ሲስተካከል አይበቃም።

ሦስተኛው ብዙ ቤተሰብ የሚገዛው፣ አብዛኛው በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት በኤልክሃርት አካባቢ የሚመረተው፣ ከኋላው ተደራራቢ አልጋ ያለው ባለ ሳጥን ቅርጽ ተጎታች ነው። ይህም በአሠራሩ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው አጽሙ ከእንጨት ተሠርቶ በውጭ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ የሚለብሰው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሲጎዳም ቆርቆሮው እየተነቀለ ይጠገናል። ሁለተኛው ፋይበር ግላስ፣ ፎምና ስስ ኮምፔንሳቶ በማጣበቂያ ተደራርበው አንድ ግድግዳ የሚሆኑበት ነው፤ መልኩ ያምራል፣ ነፋስንም በተሻለ ይሰነጥቃል፤ ነገር ግን በአንድ የመስኮት ጥግ ውኃ ከገባ ንብርብሩ እየተላቀቀ ግድግዳው ያብጣል፣ ጥገናውም ውድ ነው። አንዳንድ አምራቾች ኮምፔንሳቶውን ውኃ በማይመጥ ንብርብር መተካት ጀምረዋል፤ በሁለት ተመሳሳይ ተጎታቾች መካከል ለሚያመነታ ሰው ይህ ልዩነት ከቴሌቪዥኑ ስፋት በላይ ሊያሳስበው ይገባል።

ከእነዚህ ውጭ ያሉትን ባጭሩ ልለፋቸው። ዋሊ ባየም እ.ኤ.አ. በ1931 ያቋቋመው ኤርስትሪም የሚሠራው፣ አሉሚኒየሙ በሪቬት የተገጣጠመው ተጎታች በአሠራሩ የሚደነቅ ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው፤ ክብ ግድግዳውም ለተደራራቢ አልጋ የሚያስቸግር ነው። በጀርመን ከ1957 ጀምሮ ታሪኩ የሚቆጠረው ኤሪባ ደግሞ ጣሪያው ሲቆም ከፍ የሚል፣ ሲጎተት ዝቅ የሚል በመሆኑ በትንሽ መኪና ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ግሩም ነው፤ ለአምስት ሰው ግን ጠባብ ነው።

ወደ ውስጥ ስንገባ ዋናው ጥያቄ ስንት ሰው ያስተኛል የሚለው አይደለም፤ በየሌሊቱ ሳይነካ የሚቆይ አልጋ ስንት አለው የሚለው ነው። ስምንት ሰው ያስተኛል በሚባል ቤት ውስጥ ሁለቱ የሚተኙት ተነጥፎ አልጋ በሚሆነው የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ በሚዘረጋው ሶፋ ላይ ነው። ትንሹ ልጅ በሁለት ሰዓት መተኛት ካለበት ጠረጴዛው በሁለት ሰዓት ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ወላጆቹ የሚቀመጡበት ቦታ የላቸውም። ለዚህ ነው ተደራራቢ አልጋ ለቤተሰብ ከማንኛውም ጌጥ የሚበልጠው። አልጋዎቹ ግን ይለኩ። የአንዳንዶቹ ስፋት ከ70 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ የ12 ዓመት ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠበዋል፤ በላይኛው አልጋ ሥር የሚለጠፈው የክብደት ልክም ለልጅ ብቻ እንደተሠራ ወይም አዋቂም እንደሚችል ይናገራል። የወላጆቹም አልጋ ቢሆን ኩዊን ተብሎ ቢጠራም ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ188 እስከ 190 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የቤቱ ኩዊን ፍራሽ ግን 203 ነው። ረጅም አባት በመሸጫው ውስጥ ጫማውን አውልቆ ቢጋደም ሊያፍር አይገባውም። እንዲያውም ቤተሰቡ በሙሉ ገብቶ በሩን ዘግቶ፣ ዝናብ እንደሚዘንብ አስቦ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ፣ ማን ማንን እየዘለለ ወደ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ወዲያው ይታያል።

ተገፍቶ የሚወጣው ግድግዳ በእርግጥ ቦታ ያሰፋል፤ ከአራት ሰው በላይ ለሆነ ቤተሰብ በዝናባማ ቀን የሚሰጠው ዕረፍት ቀላል አይደለም። ዋጋው ግን በክብደት ይከፈላል፤ አንዱ ግድግዳ ከነሞተሩና ከነሐዲዱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ሊጨምር ይችላል፤ በዙሪያው ያለው የጎማ ማሸጊያም ሌላ የውኃ መግቢያ ነው። አንድ ፈተና አለ፦ ግድግዳው እንደተዘጋ ወደ ውስጥ ይገባና ሽንት ቤቱ፣ ፍሪጁና የልጆቹ አልጋ ይደረስባቸው እንደሆነ ይታያል። በመንገድ ዳር ለአሥር ደቂቃ ሲቆም ለልጅ ሽንት ቤት ሲባል ግድግዳውን መግፋት የሚያስፈልግበት ቤት ለቤተሰብ አይመችም። ነገር ግን ተጎታቹ በሚጓዝበት ጊዜ ልጆች በውስጡ መቀመጥ እንደማይገባቸው፣ በብዙ አገሮችም በሕግ የተከለከለ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ስለ ውኃ በማስታወቂያ የሚነገረው በአብዛኛው የንጹሑ ታንክ መጠን ነው። ቤተሰብ የሚቸገረው ግን በቆሻሻው ውኃ ታንክ ነው። አምስት ሰው እያንዳንዱ በቁጠባ በ10 ሊትር ገላውን ቢታጠብ 50 ሊትር ነው፤ የዕቃና የእጅ ማጠቢያው 15 ሊትር ቢጨምር በቀን 65 ይሆናል። 115 ሊትር የሚይዝ የቆሻሻ ውኃ ታንክ ሁለት ቀን ሳይሞላ ይሞላል፤ ውኃና ፍሳሽ ከተዘረጋለት ቦታ ውጭ ለመቆየት የሚያስብ ቤተሰብ ያለው ዕድሜ ይህ ነው። በአውሮፓ ካራቫኖች የተለመደው እየተሳበ የሚወጣው የሽንት ቤት ካሴት ደግሞ 18 ሊትር አካባቢ ስለሚይዝ፣ አምስት ሰው ባለበት ቤት ከአንድ ቀን ብዙም ሳያልፍ መደፋት አለበት፤ በሌላ በኩል በእጅ ተስቦ እስከ መድፊያው ስለሚወሰድ ተጎታቹን ከቦታው ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ከካሴቱና ከተጎታቹ ጋር ከተገጠመው ትልቅ የሽንት ቤት ታንክ የትኛው ይሻላል ቢባል፣ ሁልጊዜ በተደራጀ የካምፕ ቦታ ለሚያርፍ ካሴቱ ጥሩ ነው፤ ለብቻው ዱር ውስጥ ለሚሰነብት ትልቁ ታንክ ይመረጣል።

ኤሌክትሪኩም የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በሰሜን አሜሪካ የተለመደው የ30 አምፔር መስመር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሰጣል፤ አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ ማይክሮዌቩና የውኃ ማሞቂያው አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። የ50 አምፔሩ መስመር በሁለት ገመድ 12,000 ዋት ስለሚያደርስ ሁለት ማቀዝቀዣ ያለውን ትልቅ ቤት ይችላል። በአውሮፓ የካምፕ ቦታ የሚገኘው 10 አምፔር በ230 ቮልት 2,300 ዋት ብቻ ነው። ከመስመር ውጭ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ወደ ባትሪው ይዞራል። ተራው የሊድ አሲድ ባትሪ ከአቅሙ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት ነው ዕድሜ የሚኖረው፤ 100 አምፔር ሰዓት ከተጻፈበት 50ው ብቻ የእርስዎ ነው። የጋዝ ማሞቂያው ነበልባሉ ከጋዝ ቢሆንም ሙቀቱን የሚነፋው ፋን በባትሪ ነው የሚሠራው፤ እንደ መጠኑ ከ3 እስከ 9 አምፔር ስለሚስብ ቀዝቃዛ ሌሊት ባትሪውን ጎሕ ሳይቀድ ሊያራግፈው ይችላል። አዲሶቹ ተጎታቾች በጋዝ የሚሠራውን ፍሪጅ በ12 ቮልት ኮምፕሬሰር እየተኩት ነው። ፈጥኖ ያቀዘቅዛል፣ ተጎታቹ ትንሽ ቢያዘነብልም ግድ የለውም፤ ግን ቀንና ሌሊት ከባትሪው ይበላል። እንዲህ ያለውን ፍሪጅ ከአንድ ተራ ባትሪ ጋር አድርጎ የሚሸጥ ሰው የጎደለውን ለገዢው ትቶለታል ማለት ነው። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሞላ ጎደል ሙሉ አቅሙን ይሰጣል፣ ክብደቱም ያነሰ ነው፤ ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ብርድ ግን ሊሞላ አይገባም።

ጎማና ፍሬን በመሸጫው ውስጥ ማንም የማይጠይቅባቸው ናቸው። ለሰሜን አሜሪካ ተጎታቾች ተብለው የሚሠሩ፣ የፍጥነት ምልክት ያልታተመባቸው ጎማዎች የሚችሉት በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናው 130 ስለሚሮጥ ጎማው አብሮት ይሮጣል ማለት አይደለም። የጎማ ዕድሜ በጥርሱ ሳይሆን በዓመቱ ይታያል። በጎኑ ላይ በመጨረሻ የታተሙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 2321 ማለት በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚውል ተጎታች ጥርሱ አዲስ ሆኖ ውስጡ የደረቀ ጎማ ሊኖረው ስለሚችል፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ያለፈው ጎማ ቢያምርም መቀየር አለበት። በሰሜን አሜሪካ ተጎታቾች ያለው የኤሌክትሪክ ፍሬን ከሹፌሩ አጠገብ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ስለሚፈልግ፣ መኪናው ይህ ከሌለው ወጪው ከተጎታቹ ዋጋ ጋር መታሰብ አለበት። ተጎታቹ ከመኪናው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚይዘው ማስነሻም ከማስረከቢያው በፊት ተስቦ መሞከር አለበት።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉትና መካከለኛ መኪና ያለው ቤተሰብ ፋይበር ግላሱን ቢያገኝ ሌላ አያስፈልገውም፤ ካላገኘ ባለ ሸራው ይሻለዋል። ሦስት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ተደራራቢ አልጋ ያለው፣ የሚገፋ ግድግዳ የሌለው ወይም አንድ ብቻ ያለው፣ ውጫዊ ርዝመቱ ከ7.5 ሜትር የማይበልጥ ቢመርጥ አብዛኛው የካምፕ ቦታ ያስተናግደዋል። የሞዴሉ ስም ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የሳጥኑን ርዝመት ስለሆነ፣ ከፊት የሚወጣው መጎተቻ አንድ ሜትር ያህል እንደሚጨምርበት ማስታወስ ይበጃል። ከዚህ የሚበልጠውን ለመጎተት ከባድ መኪና የሌለው ቤተሰብ ለተጎታቹ ብሎ መኪናውን ጭምር መቀየር ይኖርበታል፤ ያኔ የሚገዛው አንድ ነገር ሳይሆን ሁለት ነው።

አዲስ ወይስ ያገለገለ የሚለው ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ቤተሰብ ያገለገለው ይመከራል፤ አዲስ ተጎታች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው በፍጥነት ይወርዳል፣ የፋብሪካ ጉድለቶቹንም የመጀመሪያው ባለቤት አስጠግኗቸው ሊሆን ይችላል። የሚፈራው አንድ ነገር ውኃ ነው። ጣሪያው ላይ ተወጥቶ በአየር ማስወጫዎቹና በጠርዙ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ይታያል፤ ውስጥ ተገብቶ በአልጋዎቹ ሥር፣ በቁም ሣጥኑ ጥግና በሽንት ቤቱ ዙሪያ ወለሉ በተረከዝ ይረገጣል። የሚለሰልስ ወለል፣ ያበጠ ግድግዳ፣ አዲስ የተለጠፈ የግድግዳ ወረቀት ወይም የበዛ ሽቶ ሲያጋጥም የእርጥበት መለኪያ ይዞ መመለስ ነው። የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎቹም ዕድሜ ስላላቸው ጀርባቸው ላይ የታተመው ቀን ይነበብ፤ ልጆች የሚተኙበት ቤት ስለሆነ ጊዜያቸው ያለፈባቸው ከሆኑ ከመጀመሪያው ሌሊት በፊት መቀየር አለባቸው።

ለሻጩም አስቀድሞ ደውሎ፣ ታንኩ በውኃ ተሞልቶ፣ ጋዙ ተከፍቶ፣ ፍሪጁ ከአንድ ቀን በፊት ተነሥቶ እንዲጠብቅ መንገር ተገቢ ነው። በደረሱም ጊዜ ፓምፑን አብርቶ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ መጠበቅ ነው፤ ማንም ውኃ ሳይከፍት ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ የሚነሣ ከሆነ አንድ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ማሞቂያው፣ ምድጃው፣ የውኃ ማሞቂያው፣ የጎን መብራቶቹና ፍሬኑ በተራ ይሞከራሉ፤ ይህ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ክረምት ስለሆነ ውኃው ተደፍቷል፣ አሁን መሞከር አይቻልም ከተባለ፣ ክፍያው እስኪሞከር ድረስ ቢቆይ ማንም አይጎዳም።